ዜሮና ማለቂያ፦ የጎ ጨዋታ እንዴት ያበቃል?

በጎ ጨዋታ የሚማረክ ንጉሥ የለም። ጥቁርና ነጭ ጠጠር የያዙ ሁለት ሰዎች 361 መስቀለኛ ነጥቦች ባሉት ሰሌዳ ላይ በየተራ አንድ አንድ እያኖሩ ቦታ ይከባሉ፤ መተንፈሻ ያጣ ጠጠር ይበላል። ጨዋታው የሚያበቃው ሁለቱም በተከታታይ «አልፌያለሁ» ሲሉ ነው። ይህ የማለፍ መብትና መደጋገምን የሚከለክለው ሕግ ተራ ደንቦች ይመስላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ሒሳብ ግን የቆመው በእነሱ ላይ ነው።

ከመደጋገም እንጀምር። ጥቁር አንድ ነጭ ጠጠር ይበላል፤ ነጭም የበላውን ጠጠር ወዲያው መልሶ ቢበላ ሰሌዳው እንደነበረ ይሆናል። እንዲህ ሲባላሉ ሊከርሙ ነው። ጃፓኖች ይህን «ኮ» ይሉታል፤ ስሙ እጅግ ረጅም ዘመንን ከሚገልጸው የሳንስክሪት ቃል «ካልፓ» የመጣ ነው። ስለዚህ ሕጉ ነጭን መልሰህ ከመብላትህ በፊት ሌላ ቦታ ተጫወት ይለዋል። ነጭ ጥቁር ችላ ሊለው የማይችል ዛቻ ፈልጎ ያኖራል፤ ጥቁር ለዛቻው መልስ ሲሰጥ ተመልሶ ይበላል።

የኮ ዋጋም ከዚህ ይወጣል። ጥቁር ኮውን ለራሱ ለማድረግ ሁለት ጠጠር ያስፈልገዋል፦ አንዱ ለመብላት፣ አንዱ ቀዳዳውን ለመድፈን። ነጭ ግን በአንድ ጠጠር ደፍኖ ይገላገላል። በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ርቀት ሦስት ጠጠር ነው፤ ልዩነታቸው 1 ነጥብ ከሆነ የእያንዳንዱ ጠጠር ዋጋ ሲሶ ነጥብ ይሆናል።

ማለፍ ደግሞ የዚህ ሚዛን ዜሮ ነው። በቼዝ ተራ የደረሰው ሰው ቢጎዳውም መንቀሳቀስ ግዴታው ነው፤ በጎ ግን ከማለፍ የባሰ ጠጠር እንዲያኖር የሚያስገድደው የለም። በጃፓን አቆጣጠር የራስን ቦታ መሙላት ነጥብ ስለሚቀንስ፣ የሚሠራ ሲጠፋ ማለፍ ይሻላል። በቻይና አቆጣጠር ጠጠሩም ቦታውም ስለሚቆጠር፣ ባለቤት የሌለው ነጥብ ሳለ ያለፈ ይከስራል። የአሜሪካ ጎ ማኅበር ያለፈ ሰው አንድ ጠጠር ለባላጋራው እንዲያስረክብ ደንግጎ ሁለቱን አስታርቋል።

የሒሳብ ሊቃውንቱ ኤልዊን በርልካምፕና ዴቪድ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ጠጠር የ1 ነጥብ ቀረጥ ጥለው፣ የመጨረሻውን ነጥብ ማን እንደሚያገኝ በትክክል ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። ኮ ሲገባ ግን ስሌቱ ራሱ እየዞረ ይመለሳል፤ በርልካምፕም ለእሱ የተለየ ዘዴ መቀየስ ነበረበት።

ሁለቱ ሕጎች የሚገናኙት «ማለፍ የኮን እገዳ ያነሣል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ነው። የጃፓን እ.ኤ.አ. የ1989 ሕግ፣ ጨዋታው ቆሞ የትኛው ጠጠር ሕያው እንደሆነ ሲጣራ፣ መልሶ መብላት የሚሻ ሰው ለዚያው ኮ ብሎ እንዲያልፍ ያዛል፤ በሌላ ቦታ መዛት አይረዳውም። ቀድሞ የታየ ሰሌዳ እንዳይደገም በሚከለክሉት ሕጎች ግን ማለፍ ሰሌዳውን ስለማይለውጥ እገዳው ይጸናል። ስለዚህ አንድ ጠጠር ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሚጫወተው በየትኛው ሕግ እንደሆነ ማወቅ አለበት።