ጥፊን የማዘግየት ጥበብ

አንድ አትክልተኛ በጎማ ውሃ ያጠጣል። ከኋላው አንድ ልጅ ድምፁን አጥፍቶ ይመጣና ጎማውን ይረግጠዋል፤ ውሃው ቀጥ ይላል። ሰውየው ምን ነካው ብሎ የጎማውን አፍ ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ልጁ እግሩን ያነሳል። የቀረውን መገመት አያቅትም። የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳዩት ይህ ፊልም አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ግን ሲኒማና ቀልድ አብረው መወለዳቸውን ይመሰክራል።

ይህ ዓይነቱ የመውደቅና የመመታት ኮሜዲ ስላፕስቲክ ይባላል። ስሙ የዱላ ስም ነው። የጣሊያን ኮሜዲያ ዴላርቴ ተዋንያን መድረክ ላይ የሚደባደቡበት፣ ከሁለት ስስ ሳንቃዎች የተሠራ፣ ጩኸቱ ትልቅ ሕመሙ ግን ትንሽ የሆነ ዱላ ነበራቸው። ከጩኸት ስሙን ያገኘው ጥበብ የነገሠው ግን ድምፅ በሌለው ፊልም ላይ ነው።

መጀመሪያ ገበያው የፈረንሳዮች ነበር። ባለረጅም ባርኔጣው ማክስ ሊንደር ቻፕሊን ራሱ እንደ መምህሩ የሚያየው ኮሜዲያን ነው። ከዚያ ካናዳ ተወልዶ ያደገው ማክ ሴኔት በ1912 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኪስቶን የተባለውን ስቱዲዮ ከፈተ። የኪስቶን ቀልድ ሩጫ ነው፦ መኪና ሙሉ ፖሊሶች ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ኩሬ ውስጥ ይገባሉ። ካሜራው በእጅ እየተዘወረ ይቀርጽ ስለነበር ቀስ ብሎ ቀርጾ በፍጥነት ማሳየት ቀላል ነበር፤ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመሱትም ከዚህ የተነሳ ነው። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ሦስት የኪስቶን ፊልሞችን በተከታታይ ማየት ያደክማል። ማቤል ኖርማንድና ሮስኮ አርበክል ባይኖሩበት ደግሞ ይብስ ነበር።

ቻርሊ ቻፕሊን ከእንግሊዙ የፍሬድ ካርኖ የመድረክ ቡድን ወጥቶ ወደ ኪስቶን ሲገባ ያመጣው ትልቁ ነገር ባርኔጣውና ከዘራው አይመስለኝም፤ እርጋታው ነው። ተመልካቹ በ1914 መጀመሪያ ላይ ባየው አጭር ፊልም፣ የሕፃናት መኪና ውድድር በሚቀረጽበት ቦታ እየመጣ ካሜራው ፊት ይገተራል፤ ይገፈትሩታል፣ ይመለሳል። ሌላ ምንም የለም። በ1917 በሠራው «ስደተኛው» ደግሞ መርከብ ጠርዝ ላይ ተደፍቶ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ እናያለን። ባሕሩ አናውጦት የሚያስታውክ ይመስለናል። ቀና ብሎ ሲዞር ዓሣ ይዟል። ሳቁን ያመጣው ያቺ የተሳሳትንባት ቅጽበት ናት።

እነዚህ ፊልሞች በብዛት ባለ ሁለት ጥቅል ነበሩ። አንዱ ጥቅል ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሆኖ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሄዳል። ልኩ ጠባብ ስለሆነ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው መግፋትን ያስገድዳል። ባስተር ኪተን በ1920 «አንድ ሳምንት» ላይ ያደረገውም ይህንኑ ነው። አዲስ ሙሽሮች ተገጣጥሞ የሚሠራ ቤት በስጦታ ያገኛሉ፤ ልጅቷን የተነጠቀው ሰው የሣጥኖቹን ቁጥር ያዘበራርቅባቸዋል፤ ቤቱ ጠማማ ሆኖ ይቆማል፣ በአውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። በመጨረሻ ባቡር ሐዲድ ላይ ይቀረቀራል። ባቡር ሲመጣ ሙሽሮቹ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ፤ ባቡሩ ግን በጎን ባለው ሐዲድ ያልፋል። እፎይ ሲሉ ከሌላው አቅጣጫ የመጣው ያደቀዋል። የኪተን ፊት ሳቅ አያውቅም። አደጋው ግን እውነተኛ ነበር፤ በ1924 በአንድ ረጅም ፊልም ቀረጻ ላይ የአንገቱ አጥንት ተሰንጥቆ ከዓመታት በኋላ ነው የታወቀው። ሃሮልድ ሎይድም በ1919 የማስመሰያ ነው የተባለ ቦምብ ፈንድቶበት ሁለት ጣቶቹን አጥቷል።

የእርጋታው ጫፍ ግን ሎረልና ሃርዲ ናቸው። ስታን ሎረል ከቻፕሊን ጋር በዚያው በካርኖ ቡድን ሠርቷል። በሃል ሮች ስቱዲዮ ሊዮ ማኬሪ ሁለቱን ሲመራ ቀልዱን ሆን ብሎ አዘገየው። በ1929 የወጣው «ትልቅ ንግድ» ምስክር ነው፦ በፀሐያማዋ ካሊፎርኒያ ቤት ለቤት የገና ዛፍ ይሸጣሉ። ጄምስ ፊንሌይሰን አልፈልግም ብሎ በሩን ሲዘጋ ቅርንጫፉ በበሩ ይያዛል፤ ደወሉን ይደውላሉ፤ ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ ደግሞ ይያዛል። ሰውየው በመቀስ ዛፋቸውን ይቆርጣል። እነሱ የበሩን ደወል ይነቅላሉ። ሰዓት ይሰበራል፣ መስኮት ይሰበራል፤ እሱ መኪናቸውን ሲበታትን እነሱ ቤቱን ያፈርሳሉ። ትልቁ ነገር ግን አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ቆሞ መመልከቱ ነው። ተራውን ይጠብቃል፤ የሀገራችን የሽምግልና ጨዋነት ያለበት ጠብ ይመስላል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያያል፤ ፖሊሱም መኪናው ውስጥ ሆኖ እየመዘገበ ነው። ጣልቃ የሚገባው ሃርዲ በአካፋ እየመታ የሚሰብራቸው የአበባ ማስቀመጫዎች እግሩን ሲመቱት ነው። በመጨረሻ ሁሉም አልቅሰው ይታረቃሉ፣ ለፊንሌይሰንም ሲጋር ይሰጡታል፤ ሲጋሩ ይፈነዳል።

ያኔ ድምፅ ሲኒማ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሯጮቹ ብዙዎቹ ከሰሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ዝግታን ስለለመዱ ለንግግር ጊዜ ነበራቸው። በ1932 ከአጭር ኮሜዲዎች የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘው ፊልማቸው ስለ አንድ ፒያኖና ስለ አንድ ረጅም ደረጃ ነው። ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ተንከባሎ ሲወርድ ፒያኖው ራሱ አይታይም፤ በየደረጃው የሚያሰማው ጩኸት ግን ይሰማል።