ሞተሩን ምን ገደለው?

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። ስልክ እጁ ከገባ የሚያየው የእሽቅድምድም መኪና ብቻ ነው። “ይሄ እኮ ቱርቦ ነው!” ይለኛል በኩራት። ቱርቦ ያለው መኪና አያቱ ግቢ ውስጥ፣ አምቦ ላይ፣ ሞተሩ ወርዶ ሁለት ወር ሙሉ መቆሙን ስነግረው ግን ሳቀብኝ። የአያቱ ሚኒባስና የእሽቅድምድም መኪና በምን ይገናኛሉ?

ይገናኛሉ። አባታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሚኒባሱን የገዙት ዕቁብ ሲደርሳቸው፣ ሁለት ጊደር ሸጠው ጨምረውበት ነው። ሰው ዶልፊን የሚለው ቶዮታ ሃይስ ሲሆን፣ ሾፌሮች ዲ ፎር ዲ የሚሉት 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሞተር አለው። ታናሽ ወንድሜ ከአምቦ ወደ ጉደርና ጌዶ፣ አንዳንዴም እስከ ባኮ ይሠራበታል። የታናሽ እህታችን የኮሌጅ ክፍያና የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወጣው ከዚሁ ገቢ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከጉደር ወደ ጌዶ ሲወጣ፣ ዳገቱ መሐል የለመደው ፉጨት ጠፋ። መኪናው ጉልበት አጣ፣ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ወንድሜ “ሰዎቹን ጌዶ ላድርሳቸው” ብሎ ቀጠለ። ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይንኳኳ ጀመር፤ ከዚያ ቆመ። ያ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ መሆኑን፣ ሲበራም ወዲያው ሞተር ማጥፋት እንደሚገባ ያወቅነው በኋላ ነው።

ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ወንድሜ ሱማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ገዝቶ መምጣት ፈለገ፤ “በሦስት ቀን ሥራ እጀምራለሁ” አለ። አባታችን የራሱ ሞተር ይታደስ አሉ፤ የማያውቁትን ሞተር ማመን አልቻሉም። ክርክሩ ሲከር እናቴ ስኒውን አስቀምጣ፣ “ሰው እንኳ ሲሞት ምን ሆኖ ሞተ ይባላል። እናንተ ምን እንደገደለው ሳታውቁ ምን ያጣላችኋል?” አለች።

ነገሩን የፈታው ይህ ጥያቄ ነው። ሜካኒኩ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ኮፓ ሲያወርድ፣ ዘይቱን ወደ ላይ የሚስበው ማጣሪያ በጥቁር ጥቀርሻ ተደፍኖ ነበር። “ጋሼ፣ ይሄ የዛሬ ሥራ አይደለም” አላቸው አባታችንን። ጥቀርሻው የመጣው ከላይ፣ ከኖዝሎቹ ሥር ነበር። እዚያ ቦታውን አጥብቆ የሚዘጋ ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ አለ። ሮንዴላው ሲላላ የተቃጠለው ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱንም እንደ ሬንጅ ያወፍረዋል። በአንዳንድ ዲ ፎር ዲ ሞተሮች ላይ የታወቀ ችግር ነው። የሮንዴላውን ዋጋ ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፈርኩ።

ቀድሞ የሞተውም ቱርቦው ነው። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር ትንሽ መዘውር ሲሆን፣ በሌላ ጫፉ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ያለ ቱርቦ ሞተሩ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። መዘውሩ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፣ ዘንጉን የሚሸከመውም ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይት ለጥቂት ሰከንድ ከቀረ ብረት ብረትን ይበላል። ዋናው ሞተር ውስጥም ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፍባቸው ብሮንዚኖች ያላቸው ክፍተት ከሰው ፀጉር ያነሰ ነው። የሰማነው መዶሻ የእነሱ ነበር።

እንግዲህ ይታደስ ወይስ ይለወጥ? ይህን የሚወስነው ልኬት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ተጭሮ ከሆነ ቶርኖ ቤት ተሞርዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ወፍራም የሆነ ብሮንዚን ይገባለታል። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ከተበላ ደግሞ ይሰፋና ተለቅ ያለ ፒስተን ከነፋሻው ይገጠማል፤ ወይም ካሚቻ ይገባለታል። ቴስታታው ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነም ይፈተሻል። ክራንክ ሻፍቱ ከተሰነጠቀ ወይም የሞተሩ አካል ከተበሳ ግን ማደስ ገንዘብ መጣል ነው፤ ያኔ የወንድሜ ሐሳብ ትክክል ይሆን ነበር።

ያገለገለ ሞተር መግዛትን አላጣጥልም። ብዙ ሰው ገዝቶ ሠርቶበታል። ነገር ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ከሻጩ ቃል በቀር የሚናገር የለም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ኮፓው ወርዶ ማጣሪያው ይታይ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጭመቅ አቅም ይለካ። የቱርቦውን ዘንግ በጣት ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይሞክሩት፤ የሚንሸራተት ከሆነ ወይም መዘውሩ ግድግዳውን የሚነካ ከሆነ ይተዉት። ከዚህ በላይ ደግሞ ሊብሬው አለ። በሊብሬው ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የሞተሩም ቁጥር ተጽፏል። የግዢ ሰነዱን ይዘው ለውጡን ካላስመዘገቡ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ፣ መኪናውን ሲሸጡ ወይም ልጆች ውርስ ሲካፈሉ ቁጥሩ አልገጥም ይላል። ያኔ ደረሰኙ የት እንዳለ የሚያውቁት አባወራ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ።

“ሽጡትና ሌላ ግዙ” ያሉንም ነበሩ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ግን አሮጌውን የያዘ ሰው በቀላሉ አይለቅም፤ ሞተሩ የተቀመጠ ሚኒባስም የሚሸጠው በብረት ዋጋ ነው።

የእኛው ሲለካ ሲሊንደሮቹ ደህና ሆነው ተገኙ። ክራንክ ሻፍቱ አዲስ አበባ ተልኮ ተሞረደ። ፋሻ፣ ብሮንዚን፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ፓምፕና ቱርቦ ተለወጡ፤ አራቱም የመዳብ ሮንዴላዎች እንዲሁ። ሜካኒኩ አሮጌውን ቱርቦ “ይሠራል” ብሎ መልሶ ሊገጥመው ቢፈልግ ኖሮ ሁሉም ነገር ከንቱ ይሆን ነበር። ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቀጭን ቧንቧ ተቀየረ፣ የአየር ቱቦዎቹ ከቀረው ዘይት ተጠርገው ታጠቡ። ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ሞተሩ ከሳበው እንደ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ቁልፍ ቢያጠፉትም አይቆምም። ሲነሳም መጀመሪያ ሳይቀጣጠል እንዲዞር ተደርጎ ዘይቱ ቱርቦው ድረስ እንዲደርስ ተጠበቀ።

ወጪው ካሰብነው በለጠ። እህታችን አንድ መንፈቀ ዓመት አቋረጠች። ማንም አላዘዛትም፤ ራሷ “እኔ ልቆይ” አለች። ወንድሜ ለብዙ ቀን እራት ላይ ቀና ብሎ አላያትም።

ከተነሳም በኋላ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አይጫንበትም ተባለ። ተሳፋሪ እየተጠራ ግማሽ ወንበር ባዶ አድርጎ ወደ ጉደር መሄድ ለሾፌር ምን እንደሆነ ወንድሜን ጠይቁት። 1,000ው ሲሞላ ዘይቱ ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ቀኑን የሚጽፉት አባታችን ናቸው፣ በድሮ የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ደብተራቸው ላይ። በጤፍ መውቂያ ወራት፣ መንገዱ በአቧራ ሲሸፈን፣ የአየር ማጣሪያውንም ራሳቸው አውጥተው ያራግፋሉ።

እህታችን በየካቲት ተመልሳ ተመዘገበች። ሚኒባሱም ማታ ከጌዶ ሲገባ ወንድሜ ደጅ ላይ ያቆመዋል እንጂ ወዲያው አያጠፋውም፤ የጋለው ቱርቦ ዘይት እየዞረለት እንዲበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። የእህቴ ልጅ ሮጦ ይወጣና “አጎቴ፣ ምን ትጠብቃለህ?” ይለዋል። አባታችን በረንዳው ላይ ሆነው ሰዓታቸውን እያዩ፣ “ገና ነው” ይላሉ።