ከአውሮፕላኑ በፊት የነበረው መንገድ

አቃቂ፣ ወንዙ አጠገብ ባለችው ቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑትን የቤተ እስራኤልን ታሪክ ተርኬላቸው «በሉ ሣሉ» ስላቸው አብዛኞቹ አውሮፕላን ሣሉ። አይፈረድባቸውም። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተወሰደበት ዘመቻ ሰለሞን ዛሬም ይወራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ነው። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር የተነሱ ቤተሰቦች ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ፤ መጠለያ ውስጥም አይሁድ መሆናቸውን ሸሽገው ኖሩ። በ1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህሉን ከዚያ ወደ እስራኤል አወጣ። 4,000 ገደማ የሚሆኑት ግን በረሃብና በበሽታ በየመንገዱና በየመጠለያው ቀርተዋል። ይህ እንዴት ይሣላል? ሬሳ ብትደረድር ተመልካቹ ፊቱን ያዞራል።

በልጅነቷ በዘመቻ ሰለሞን የተወሰደችው ሠዓሊ ኒሪት ታከለ የሰዎቿን ክንድና እግር እንደ ግንድ አድርጋ ታድቦለብላቸዋለች። ሸክማቸውን ከፊታቸው ይልቅ ገላቸው ይናገራል። ሥራዎቿን ባየሁ ቁጥር የወለቃ ሸክላ ትዝ ይለኛል። ጎንደር ከተማ አጠገብ ባለችው በዚያች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ፣ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። እነሱ ከሄዱም በኋላ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው የዳዊት ኮከብ ያለበትን ምስል እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጣሉ።

ስለዚህ ወደ ሸክላ ዞርን። የአቃቂ መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ የተሰበረ ጀበና ወቅጠን፣ ነፍተን ቀላቀልንበት። ያን ስናቦካ አንዷ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ቡዳ የሚሏቸው እነሱን ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ማረሻውን የሠራለትን ሰው «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ብሎ የሚሸሸው፣ ርስት የሚነፍገው የገዛ ወገናችን ነበር። ይህን ዘልሎ አውሮፕላን ብቻ የሚሥል ሰው፣ የመዳኑን ቀን ሥሎ እኛ ያደረስነውን በደል ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ።

ልጅቷ ማረሻ በእጁ የያዘ፣ ጎረቤቶቹ ጀርባ የሰጡት ቀጥቃጭ ሠራች። ጎረቤቶቹን ነጠላ አልብሳቸዋለች። ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መንገድ ላይ ለቀሩት መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የእኛ ልጆች ሥራ ደግሞ እዚሁ አቃቂ እንዲታይ አዳራሽ ጠይቄያለሁ። ወላጆችም እንዲመጡ እፈልጋለሁ፤ ያን ስድብ ከልጆቹ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።