ከአዲስ አበባ እስከ ኢየሩሳሌም፤ የወራት መንገድ በ4 ሰዓት

በዓለ ትንሣኤ በቀረበ ቁጥር የብዙ ምእመናን ልብ ወደ ቅድስት ኢየሩሳሌም ይሄዳል። «ዕድሜ ሰጥቶኝ ጎልጎታን ብሳለም» የማይሉ አባቶችና እናቶች በየቤቱ ጥቂቶች ናቸው። እኛም በዛሬው ገጻችን ስለዚሁ መንገድ ጥቂት እንላለን።

አዲስ አበባና ኢየሩሳሌም በአየር መስመር ሲለኩ ከ2500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋሉ። ቀጥታ በረራ ባለበት ጊዜ አውሮፕላኑ 4 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሆኖም ተሳላሚው የሚያርፈው በቅድስት ከተማ ውስጥ ሳይሆን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህ ስፍራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአቅራቢያው ያለችው ሎድ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ልዳ ተብላ የተጠራችው ናት። ቅዱስ ጴጥሮስ 8 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን ኤንያን የፈወሰው በዚያ ነው፤ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብርም በዚያ ይገኛል። ብዙዎች ግን ሻንጣቸውን ለመረከብ ሲጣደፉ ይህን ሳያስቡት ያልፋሉ።

አበው የሄዱበት መንገድ ከዚህ እጅግ የተለየ ነበር። በእግርና በበቅሎ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ ሱዋኪን ይወርዱና በግብፅ በኩል የሲናን በረሃ አቋርጠው ይገቡ ነበር። ጉዞው ወራትን ይጠይቃል፤ ጥማት፣ ደዌና ወንበዴ ብዙዎችን በመንገድ አስቀርቷል። የደረሱት በዴር ሱልጣን ገዳም ከወገኖቻቸው መነኮሳት ጋር ይገናኙ ነበር። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ የዚያ አሮጌ መንገድ ትልቁ ክፍል በሰማይ ተከፈተ ማለት ይቻላል።

መንገዱ ማጠሩ መልካም ነው፤ ሽማግሌውና ደካማው ለመሳለም በቅተዋልና። ነገር ግን ረጅሙ መንገድ የሚሠራው ሥራ ነበረው። ተጓዡ በየማደሪያው ይጸልያል፣ በደሉን ያስባል፣ ከተጣላው ጋር በልቡ ይታረቃል። ዛሬ ግን ማታ ከገበያ የተመለሰ ሰው በማግስቱ ከጎልጎታ ሊቆም ይችላል፤ አካሉ ደርሶ ልቡ ገና በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ተጓዥ በጎዳና ላይ የሚፈጽመውን፣ የዛሬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከንስሐ አባቱ ዘንድ ሊፈጽመው ይገባል።

በበረራ ላይ ያለውም ሰዓት ቢሆን ከንቱ አይደለም። የህንደኬ ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሆኖ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ የደረሰውም በዚያ ንባብ ላይ ሳለ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 53ን ለማንበብ፣ በ15ቱ የመዓርግ መዝሙራትም ለመጸለይ 4 ሰዓት ይበቃል፤ ይተርፋልም።

ዛሬ የብዙዎች እንቅፋት ርቀቱ ሳይሆን ወጪው ነው። ዕዳ ገብቶ፣ ልጆችን ለችግር ጥሎ መሄድ ግን መሳለም አይሆንም። በአገራችን ትውፊት ቅዱስ ላሊበላ ቤተ ጎልጎታን ያነጸው፣ ወንዙንም ዮርዳኖስ ያሰኘው፣ ኢየሩሳሌም ለራቀችበት ሕዝብ አስቦ ነው። ያም ያልተቻለው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤን ሌሊት ቆሞ ያስቀድስ። በዚያ የሚሰማው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» በጎልጎታ ከሚሰማው የተለየ አይደለም።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።