የከሰል ፍምና የተዘጋ መኝታ ቤት

በጋይንት ደጋ የሚኖር ሰው ብርድን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድርና የጉና ነፋስ ሲወርድ፥ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይሰማል። በዚህ ወራት በአርብ ገበያ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ማታ ከቤቱ ሲገባ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ከሰሉን በምድጃ ያቀጣጥላል፤ ሽሮውን ያበስላል፤ ቡና ካለም ያፈላል፤ ከዚያም ፍሙ በከንቱ እንዳይባክን ብሎ ምድጃውን ወደ አልጋው ጠጋ ያደርግና፥ በሩን ቀርቅሮ፥ መስኮቱን ዘግቶ፥ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፎ፥ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።

ውድ አንባቢዎች! ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነገር ነው። እንዲህ አድርገው ተኝተው በማግሥቱ ስላልተነሡ ሰዎች የሚነገረው ወሬ በደጋው አገርም በአዲስ አበባም የተለመደ ሆኗል። አንዱን «መጋኛ መታው»፥ ሌላውን «ጋኔን አነቀው» እያለ የሚያወራም አይጠፋም። ነገሩ ግን መጋኛም ጋኔንም አይደለም። ስሙም ጠባዩም በደንብ የታወቀ አንድ አየር ነው፤ ይኸውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል።

አየሩ ከወዴት ይመጣል?

ከሰል በመሠረቱ ካርቦን ነው። ካርቦን በቂ ኦክሲጅን አግኝቶ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን፥ እኛም ስንተነፍስ ከሳንባችን የምናወጣውን አየር ይሰጣል። ኦክሲጅኑ ካነሰው ግን መቃጠሉ ጐደሎ ይሆንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። በምድጃ ውስጥ ደግሞ ፍሙ ተደራርቦ ስለሚቀመጥ፥ ከሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ከሰል መካከል ሲያልፍ ራሱ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። አንዳንድ ጊዜ በፍሙ ላይ ሽው ሽው ሲል የምታዩት ሰማያዊ ነበልባል ይኸው አየር ሲቃጠል ነው። ስለዚህ ከሰል ይህን አየር ሳያወጣ አይነድም፤ በሜዳ ላይ ሲሆን ነፋስ ይወስደዋል፤ በተዘጋ ቤት ሲሆን ግን መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል።

አየሩ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። እርጥብ እንጨት ሲጨስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ሰውም ሳይወድ በግድ ተነሥቶ በር ይከፍታል። የከሰል ፍም ግን ደስ በሚል ሙቀት እያባበለ እንቅልፍ ላይ እንቅልፍ ይጨምራል።

ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ የሚሠራው ሥራ እንደሚከተለው ነው። በደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ፤ ተግባሩም ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ አንጐል፥ ወደ ልብና ወደ ሌላውም አካል ማድረስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ይህን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በገበያ ቀን አህያችሁ ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ጭነቱን ቢጭንበትና ገመዱን አጥብቆ ቢያስረው፥ እህላችሁ ሜዳ ላይ መቅረቱ አይደለምን? ኦክሲጅንም እንደዚሁ በሳንባ ውስጥ እያለ የሚጭነው ያጣል፤ አንጐልም በረኃብ ይደክማል። በእኛ ደጋ ደግሞ ከፍታው ራሱ አየሩን ስስ ስላደረገው፥ ሰውነት አስቀድሞ የሚያገኘው ኦክሲጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህም ይኸው መርዝ በደጋ ሰው ላይ ይከብዳል።

አባቶቻችን ስለምን አልሞቱም?

«አያቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ በእሳት ዳር ተኝተው ኖሩ፤ ታዲያ እነሱን ስለምን አልገደላቸውም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው። የአያቶቻችን ጐጆ የሣር ክዳን ነበረ፤ ጢሱ በክዳኑ ውስጥ እያጣራ ሲወጣ ከሩቅ ይታይ ነበር። ግድግዳውም ስንጥቅ አያጣም። የሚነደውም በብዛት እንጨት ስለ ነበረ ጢሱ ራሱ ያስጠነቅቅ ነበር። ይህን ስል ጢሱ ጉዳት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በገለጸው መሠረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ነገር ግን የጐጆው ጢስ በዓመታት የሚጐዳ ሲሆን፥ የተዘጋው ቤት ከሰል በአንድ ሌሊት ይገድላል።

የዛሬው የኪራይ ቤት ቆርቆሮ የለበሰ፥ ኮርኒስ የተመታ፥ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፥ በሩ ላሜራ፥ መስኮቱ መስተዋት ነው። ቤታችን ሠለጠነ፤ ማሞቂያችን ግን ያው ከሰል ሆኖ ቀረ። በ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ላቀች የተባለው ምድጃ ከሰል በመቆጠብ ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ሆኖም ከሰል ይቆጥባል እንጂ መርዙን አያስቀርም።

ነገሥታትና ደራስያንም አላመለጡም

ይህ አደጋ የድኃ ቤት አደጋ ብቻ አይደለም። ቅዱስ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል የምናየው ዑልያኖስ ከሃዲ፥ ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይሆን በ4ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ሲከርም ብርዱ ቢጠናበት ፍም ወደ መኝታ ቤቱ አስገብቶ ነበር። ወዲያው ራሱን ስቶ ተሸክመው እንዳወጡትና በሐኪሞች እርዳታ እንደ ተረፈ እርሱ ራሱ ጽፎታል። ኤሚል ዞላ የተባለው ስመ ጥር የፈረንሳይ ደራሲ ግን አልተረፈም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 በመስከረም ወር ከባለቤቱ ጋር በተኛበት ክፍል የጢስ መውጫው ተደፍኖ ስለ ነበረ፥ ሌሊቱን በዚሁ አየር ታፍኖ ሞተ፤ ባለቤቱ ግን ዳነች። የእንግሊዝ ሊቅ ሆልዴን ደግሞ በ1890ዎቹ ይህን አየር በራሱ ላይ እየሞከረ ጠባዩን ካጠና በኋላ፥ ትንንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው እንደሚወድቁ ስላወቀ ማዕድን ቆፋሪዎች ይዘዋቸው እንዲገቡ መከረ። የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችም እስከ 1986 ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ በቀፎ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር።

በየቤቱ የሚነገሩ ስሕተቶች

«ከሰሉ ጢሱን ጨርሶ ከቀላ በኋላ አይጐዳም» ይባላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ሲቀጣጠል የሚታየው ጢስ ሌላ፥ የማይታየው መርዝ ሌላ ነው። ፍሙ ቀልቶ ሳለም፥ አመድ ለብሶ ረመጥ ሲሆንም መርዙ መውጣቱን አይተውም።

«አልጋዬ ከፍ ያለ ስለሆነ አይደርስብኝም» የሚልም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከተራው አየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ በክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል፤ ወለልና አልጋ አይመርጥም። ውሃ በሳሕን ሞልቶ ከምድጃው አጠገብ ማኖርም ከንቱ ነው፤ ውሃው መርዙን አይመጠውም። ለታመመውም ወተት ማጠጣት ከደሙ ላይ መርዙን አያላቅቅለትም፤ እንዲያውም ራሱን የሳተ ሰው ወተት ቢጐነጭ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል።

ምልክቱና እርዳታው

እኔ ጧት ክፍል ስገባ ራሱን ይዞ የሚያቀረቅር ተማሪ ሲገጥመኝ፥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ትናንት ማታ ምድጃው የት አደረ?» የሚል ነው። ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ፥ የጉልበት መክዳትና የአሳብ መደናገር የዚህ መርዝ ምልክቶች ናቸው። ብዙ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። መለያው ግን ይህ ነው፤ በአንድ ክፍል ያደሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ወደ ውጭ ሲወጡ ከቀለላቸው፥ ከሰሉን መጠርጠር ይገባል።

የወደቀ ሰው ብታገኙ አስቀድማችሁ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። የሚተነፍስ ከሆነ በጐኑ አስተኙት፤ ትንፋሹ ከቆመ የሚያውቅ ሰው አፍ ላፍ እየነፋ ያስተንፍሰው። ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እዚያም «ከሰል ያደረበት ቤት ነው» ብላችሁ መናገራችሁን አትርሱ። ለምን ቢባል፥ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ይህን መርዝ ከኦክሲጅን ለይቶ ስለማያውቅ፥ የታመመውን ሰው ደህና አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። በተራ አየር የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅ፥ ንጹሕ ኦክሲጅን በጭንብል ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። የነቃም ሰው ቢሆን መታየት አለበት፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የማስታወስ ችግር የሚመጣበት አለና። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ፅንሱ ከእናቲቱ ይልቅ ሊጐዳ ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም።

ቡታጋዝ ለገዛ ሰው

ደመወዙ ፈቅዶለት ቡታጋዝ የገዛ ሰውም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ ስለሆነ ካፈሰሰ በወለል ላይ ይጋደማል። በራሱ ሽታ ባይኖረውም እንዲታወቅ ተብሎ የሚከረፋ ነገር ይጨመርበታል። ሽታው ከመጣባችሁ ክብሪት አትጫሩ፤ መብራትም አታብሩ አታጥፉ፤ ሲሊንደሩን ዝጉና በርና መስኮት ክፈቱ። ማፍሰሱን ለመፈተን በጎማውና በመጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ቀዳዳ አለ። ሲሊንደሩ ቆሞ ይቀመጥ፤ የተሰነጠቀ ጎማ ይለወጥ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን ይገባዋል፤ ቢጫ ሆኖ ድስት የሚያጠቁር ከሆነ መቃጠሉ ጐድሏልና ይጠረግ፥ ይታይ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸውን የሚያሞቁት ጢሱን በቧንቧ ወደ ውጭ በሚያወጣ የጋዝ ማሞቂያ ነው። እዚያም ቢሆን ማሞቂያው በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ በባለሙያ ይመረመራል፤ የጢስ መውጫው በበረዶ እንዳይደፈን ይጠበቃል፤ መርዙ ሲኖር የሚጮኽ መሣሪያም በመኝታ ቤት አጠገብ ይሰቀላል። የካቲት 2013 ዓ.ም. በቴክሳስ ብርዱ ጠንቶ መብራት በጠፋ ጊዜ ሙቀት ፍለጋ መኪናና ከሰል በቤት ውስጥ ያስነሡ ብዙዎች በዚሁ አየር ተመረዙ፤ ከሞቱትም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩባቸው። ብርድ ሲጠና ሰው በየትም አገር አንድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከሰል ተዉ ማለት ለጀማሪ ሠራተኛና ስንቁን ከገጠር ለሚያስመጣ ተማሪ ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው።

1ኛ፤ ከሰሉን በደጅ አቀጣጥሉ፤ በደጅ ወይም በረንዳ ላይ ማብሰል ከቻላችሁም አብስሉ። 2ኛ፤ በቤት ውስጥ ካበሰላችሁ በርና መስኮት ትይዩ ተከፍተው ይቆዩ። 3ኛ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ አውጡ፤ በአመድ ሸፍኖ በቤት ማሳደር መፍትሔ አይደለም። 4ኛ፤ እራት በሚበስልበት እሳት ውሃ አሙቁና በደንብ በሚከደን ዕቃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከብርድ ልብሱ ሥር አኑሩት፤ ሌሊቱን እግር ያሞቃል፥ ማንንም አይገድልም። 5ኛ፤ ቤት የሚያከራይ ሰው ከኮርኒሱ በታች የማይዘጋ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ እንዲተው ጠይቁት፤ ወጪው ጥቂት ነው።

ይህንንም ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት። አርብ ቀን ስንቅ ይዘው ለሚመጡት ወላጆቻችሁ፥ ለጐረቤታችሁና አብሯችሁ ለሚተኛው ጓደኛ ንገሩ። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት በሚከራይበት ከተማ፥ የአንዱ አለማወቅ የአራቱን ቤተሰብ ያስለቅሳል። አባቶቻችን «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ፤ ዛሬ ማታ ምድጃውን ከደጃፍ ማውጣት ከዚህ የበለጠ ድካም የለውም።