የፓስፖርቱ ዋጋ ሲረክስ፦ የእንግሊዝኛ መምህራን ደመወዝ በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ

የጃፓን መንግሥት ከውጭ አገር ወጣቶችን እያመጣ በረዳት የእንግሊዝኛ መምህርነት የሚቀጥርበት ጄት የተባለ ፕሮግራም አለው። የተጀመረው በ1987 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2012 በዚህ ፕሮግራም የተቀጠረ ጀማሪ መምህር የዓመት ደመወዙ 3.36 ሚሊዮን የን ነበር። ያኔ አንድ ዶላር በ80 የን ገደማ ይመነዘር ስለነበር ገንዘቡ 42,000 ዶላር ይሆናል። በ2024 ክረምት የተቀጠረው ጀማሪም በውሉ ላይ የሰፈረለት ያው 3.36 ሚሊዮን የን ነው። ዶላሩ ግን 160 የን ገብቷል። ደመወዙ በዶላር ሲሰላ 21,000 ሆነ። ከውሉ ላይ አንዲት የን ሳይነካ ግማሹ በነነ።

ብር ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2024 ወዲህ የኖረ የእኛ አገር ደመወዝተኛ ይህን ሒሳብ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። ሆኖም አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ቶኪዮ የሚኖር መምህር ዳቦ የሚገዛው በየን፣ ባቡር የሚሳፈረውም በየን ነው፤ ዶላር ቢወጣ ቢወርድ ምን ገደደው? እውነት ነው፣ የጃፓን የሸቀጦች ዋጋ ለረጅም ዓመታት ብዙም ንቅንቅ ሳይል ቆይቷል። ነገር ግን አብዛኛው መምህር ከዩኒቨርሲቲ በወጣ ማግስት የሚመጣ ወጣት ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ብድሩን የሚከፍለው በዶላር፣ እንግሊዛዊው በፓውንድ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ሠርቶ ጥሪት ይዞ ለመመለስ ላሰበ ሰው፣ ደመወዙ የሚመዘነው በሚኖርበት አገር ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በሚመለስበትም አገር ገንዘብ ነው።

በእኛ አገር ዕድሜ የጠገበ ሰው የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህር ሲባል ትዝ የሚለው ፒስ ኮር ነው። በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወጣቶች መጥተው በየክፍለ አገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማርተዋል። የእነሱ ክፍያ መተዳደሪያ አበል ሲሆን ወጪውን የሚሸፍነው በዋናነት የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነበር። የምሥራቅ እስያው ግን ገበያ ነው። ገዢው የተማሪው ወላጅ፣ ሻጩ ማስጠኛ ቤቱ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ዋጋው እንደማንኛውም ሸቀጥ በፍላጎትና በአቅርቦት የሚወጣና የሚወርድ ግብዓት ነው።

ይህ ገበያ እንዴት እንደሚሠራ ደቡብ ኮሪያ በደንብ ታሳያለች። በዚያ አገር ልጆች ከመደበኛ ትምህርት ቤት ሲወጡ ሃግዎን ወደሚባሉ የግል ማስጠኛ ተቋማት ይሄዳሉ። በ2009 አንድ ሃግዎን ለውጭ አገር መምህር የሚያቀርበው የወር ደመወዝ በአብዛኛው ከ2 ሚሊዮን እስከ 2.3 ሚሊዮን ዎን ነበር። የዚያን ዓመት የአገሪቱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሰዓት 4,000 ዎን ሲሆን፣ ሕጉ በሚያሰላው 209 የወር ሰዓት ሲባዛ 836,000 ዎን ይሆናል። መምህሩ 2.1 ሚሊዮን ቢያገኝ የወለሉን ሁለት ተኩል እጥፍ ያገኝ ነበር ማለት ነው። በ2025 ወለሉ በሰዓት 10,030 ዎን ደርሷል፤ በወር 2,096,270 ዎን። ጀማሪ መምህር የሚቀርብለት ግን በዚያው ዓመትም ከ2.3 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዎን አካባቢ ነበር። የሰፈር ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ በሕግ ከሚገባው ያነሰ እንዳይከፈለው ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር፣ መምህሩ ቆሞ ጠበቀው።

ገበያው ስለደኸየ ነው እንዳይባል፣ የኮሪያ ወላጆች ለማስጠኛ የሚያወጡት ገንዘብ እያደገ ነበር። በ2023 27.1 ትሪሊዮን ዎን፣ በ2024 ደግሞ 29.2 ትሪሊዮን ዎን አውጥተዋል። ይህም የሆነው የተማሪው ቁጥር እየቀነሰ ባለበት ጊዜ ነው። በ2023 የአገሪቱ የወሊድ ምጣኔ በአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ደርሶ ነበር። ታዲያ ገንዘቡ ከመጣ ለምን ወደ መምህሩ ኪስ አይገባም?

አንደኛው ምክንያት የአቅርቦት ብዛት ነው። ለቪዛው የሚጠየቀው ዋና የትምህርት ማስረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ የታሪክም ይሁን የሥነ ሕይወት ለውጥ የለውም። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በአገራቸው ሥራ ያጡ ተመራቂዎች ወደ ኮሪያ ጎረፉ። ሁለተኛው የውሉ ዕድሜ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው በመነሻ ደመወዝ ይተካዋል። አሥር ዓመት ያስተማረና ትናንት የመጣ ሰው የሚከፈላቸው ገንዘብ ያን ያህል አይራራቅም፣ የሚወጡት መሰላል የለምና። ሦስተኛው መንግሥት ፍላጎቱን መቀነሱ ነው። በ2010ዎቹ የሴኡልን የመሳሰሉ አስተዳደሮች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚቀጥሯቸውን የውጭ መምህራን ቁጥር ቀነሱ። ለ2018 የትምህርት ዘመን የተሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ደግሞ እንግሊዝኛን ተማሪን ከተማሪ ከሚያወዳድር ውጤት አውጥቶ፣ 90 ያመጣ ሁሉ ከፍተኛውን ደረጃ እንዲያገኝ አደረገ። ጥድፊያው ወደ ሒሳብ ዞረ።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉም በላይ የሚያነጋግረው ነው። ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የተባለ ቪዛ ለእንግሊዝኛ የሚፈቀደው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ህንድ በንግድ ስምምነት በኩል ጠባብ በር ተከፍቶላታል። ናይጄሪያዊው ወይም ኬንያዊው በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በእንግሊዝኛ ተመርቆ፣ የማስተማር ፈቃድ ይዞ ቢቀርብ እንኳ በዚህ ቪዛ አይገባም። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ የተማረው የእኛ አገር ልጅም እንዲሁ። ስለዚህ ደመወዙ በሁለት ተከፍሎ መታየት አለበት፤ አንዱ የሥራው ዋጋ፣ ሌላው የፓስፖርቱ ኪራይ ነው። በ2009 ከወለሉ በላይ የነበረው አንድ ተኩል እጥፍ አብዛኛው የፓስፖርት ኪራይ ነበር። ኪራይ ደግሞ የሚቆየው ባለቤቱ ብርቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ኮሪያውያን በዙ፣ ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው እንግሊዝኛ የሚሰሙበት ኢንተርኔት መጣ፣ ብርቁ ተራ ሆነ።

ደመወዝ ሲቆም ዓይን የሚዞረው ወደ ውሉ ዝርዝር ነው። በኮሪያ የተለመደው ውል ቤት በነፃ፣ ብዙ ጊዜም የአውሮፕላን ትኬት ይሰጣል፤ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ደግሞ ሕጉ የአንድ ወር ደመወዝ የሚያህል የሥራ ስንብት ክፍያ ይደነግጋል። መምህራኑ ሁሉ የሚፈሩት የአሥራ አንደኛው ወር ስንብት የመጣው ከዚሁ ነው። ክፉ አሠሪ መምህሩን በአሥራ አንደኛው ወር ሰበብ ፈልጎ ካሰናበተው የስንብት ክፍያውንም የመመለሻ ትኬቱንም ያተርፋል። ለጡረታ በ2025 ከደመወዙ 4.5 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። አሜሪካዊው፣ ካናዳዊውና አውስትራሊያዊው ከአገር ሲወጡ ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይወስዳሉ። አጠገቡ ቆሞ ያንኑ ፊደል የሚያስተምረው እንግሊዛዊ ይህ መብት የለውም። የአሠሪውን መዋጮ ለመሸሽ መምህሩን በወረቀት ላይ የግል ሥራ ተቋራጭ የሚያደርጉ ሃግዎኖችም አሉ፤ የእሱ የጡረታና የጤና መድን መዋጮ ለእነሱ ትርፍ ይሆናል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ቪዛው ከአሠሪው ጋር መታሰሩ ነው። ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ሃግዎን ለመዛወር የቀድሞው አሠሪ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቤቱም የአሠሪው ነው። የተጣላ መምህር ሥራውን፣ ማደሪያውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ባንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። እህቱን ወይም ጎረቤቱን ወደ ባሕረ ሰላጤው የላከ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር በሌላ ስሙ ያውቀዋል፣ ከፋላ ብሎ። በእርግጥ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። መምህሩን የኮሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይጠብቀዋል፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤት ይላል፣ ትኬት ቆርጦም አገሩ ይገባል። የቤት ሠራተኛዋ በብዙዎቹ አገሮች ከመደበኛው የሠራተኛ ሕግ ውጭ ሆና ቆይታለች። የኢኮኖሚ አሠራሩ ግን አንድ ነው፦ ሠራተኛ አሠሪ የመለወጥ ነፃነት ከሌለው ገበያው ደመወዙን ከፍ የሚያደርግበት መንገድ ይዘጋል።

ጃፓን ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት። በዚያ ያሉ የግል የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ውላቸው በሳምንት 29.5 ሰዓት ይል ነበር። ለምን 30 አልሆነም? ከሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 30 ሰዓት ገደማ የሚሠራ ሰው በጤናና በጡረታ መድን መግባት ስላለበትና ግማሹን አሠሪው ስለሚከፍል ነው። ግማሽ ሰዓት ተቀንሳ ብዙ ገንዘብ ታተርፋለች። መንግሥት ይህን ቀዳዳ ቀስ በቀስ እየደፈነው ነው። ከ2016 ጀምሮ ከ500 በላይ፣ ከ2022 ጀምሮ ከ100 በላይ፣ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ደግሞ ከ50 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራውን በአብዛኛው እንዲያስገቡ ግዴታ ሆኗል።

የጃፓን ትልቁ ትምህርት ግን የኖቫ ውድቀት ነው። ኖቫ የአገሪቱ ትልቁ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ሰንሰለት ነበር። ተማሪዎች የረጅም ጊዜ ክፍያ በቅድሚያ ይከፍላሉ፤ ድርጅቱ ገና ባልሰጠው ትምህርት ገንዘብ አዳዲስ ቅርንጫፍ ይከፍታል። ነገ የሚሰጠውን ትምህርት ዛሬ በልቶታል። በሚያዝያ 2007 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች ገንዘብ አመላለስ ላይ በኖቫ ላይ ፈረደ፤ በሰኔ መንግሥት አዲስ የረጅም ጊዜ ውል እንዳይዋዋል ለስድስት ወር አገደው። አዲስ ገንዘብ ሲቆም አሮጌው ዕዳ ተገለጠ። በጥቅምት ድርጅቱ ከአበዳሪዎች እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ከ4,000 በላይ የውጭ መምህራን ደመወዛቸው ቀርቶ ሜዳ ላይ ወደቁ። የቤት ኪራያቸው ከደመወዛቸው ሲቆረጥ ቆይቶ ለአከራዩ እንዳልተከፈለ ያወቁት የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣባቸው ነው። አንዳንዶቹ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው በምግብ ልዋጭ እስከማስተማር ደረሱ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ ነበር አባቶች፤ በተማሪ ቅድመ ክፍያ ያጌጠ ድርጅትም ከዚህ አያመልጥም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጂኦስ የተባለው ሌላ ትልቅ ሰንሰለትም ወደቀ።

ከአሠሪም ከምንዛሪም ውጭ የፖሊሲ አደጋ አለ። ቤጂንግ የሚገኘው ቪፕኪድ የተባለ የኢንተርኔት ማስጠኛ ኩባንያ ሰሜን አሜሪካ ቤታቸው ተቀምጠው ቻይናውያን ሕፃናትን የሚያስተምሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ነበሩት፤ በሰዓት ከ14 እስከ 22 ዶላር ይከፍል ነበር። በሐምሌ 2021 የቻይና መንግሥት በመደበኛ ትምህርቶች ለትርፍ ማስጠናትን ከለከለ፣ ውጭ አገር ሆኖ የቻይናን ልጆች ማስተማርንም አገደ። በወር ጊዜ ውስጥ ቪፕኪድ ያንን አገልግሎት መሸጥ አቆመ። ኒው ኦሪየንታል የተባለው ግዙፍ የማስጠኛ ኩባንያ መሥራችም 60,000 ሠራተኛ ማሰናበታቸውን ተናገሩ። በሌላ በኩል ከማኒላ በኢንተርኔት የ25 ደቂቃ ትምህርት ለጃፓናውያን የሚሸጡ ፊሊፒናውያን አሉ። ቪዛ አያስፈልጋቸውም፣ ቤትና ትኬት አይጠይቁም፣ በጣም በአነስተኛ ዋጋ ይሠራሉ። ፓስፖርት ያስገኝ የነበረውን ኪራይ የሚሸረሽረው አንዱ ኃይል እነሱ ናቸው።

ያልተገላበጠ ያራል። ወደ ጃፓንም ሆነ ወደ ዱባይ የሚሄድ፣ መምህርም ይሁን ነርስ ወይም ሹፌር፣ የሚቀርብለትን ቁጥር ከማየቱ በፊት ሦስት ነገር ያገላብጥ። ደመወዙ ከዚያ አገር ዝቅተኛ ወለል ጋር ሲነፃፀር ስንት እጥፍ ነው? ወደ አገሩ ገንዘብ ሲመነዘርስ ባለፉት አሥር ዓመታት ወዴት ሄደ? ከአሠሪው ቢጣላ ቤቱና ቪዛው በማን እጅ ናቸው? የሦስተኛው መልስ “በአሠሪው” ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥሩ ቢሆኑም ውሉ ደካማ ነው።

የጄት ፕሮግራም በሚያዝያ 2025 የጀማሪዎቹን ደመወዝ ወደ 4.02 ሚሊዮን የን አሳድጓል፤ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። በ150 የን ሒሳብ ሲመነዘር 26,800 ዶላር ይሆናል። በዚሁ ምንዛሪ የ2012ን 42,000 ዶላር ለመመለስ 6.3 ሚሊዮን የን ያስፈልግ ነበር።