«መድኃኒት» በነካ እጄ ልጄን ላጥባ?

ከቴፒ አካባቢ የመጣ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ በቀን ሥራ የምትተዳደር፣ የሰባት ወር ሕፃን እናት ናት። «ጋሼ፣» ትላለች፣ «የዋንዛውና የግራቪሊያው ችግኝ ከአፈሩ ላይ እየበሰበሰ ሲወድቅብን ካቦው በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት አምጥቶ በጥብጠሽ ርጪ ይለኛል። ጓንት የለም። እምቢ ካልኩ ነገ ሌላ ሰው ይገባል። በዚያ እጄ ልጄን ሳጠባ ይጨንቀኛል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ጭንቀትሽ የቅብጠት አይደለም። መርዙን መድኃኒት ብለን መጥራታችን ራሱ ስንቱን አዘናግቷል!

እስቲ ሕጉን እንይ። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ አይሸጥም። ምዝገባውም በደፈናው ሳይሆን ለየትኛው ተባይ፣ በየትኛው ሰብል ላይ ተብሎ ነው። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። አስመጪው ገንዘብ አውጥቶ የሚያስመዘግበው ገበያ ላለው ነገር ነዋ! ለስንዴ፣ ለበቆሎ፣ ለአበባ... የዋንዛን ችግኝ ማን ያስበዋል? በሌላ በኩል አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ከችግኝ ጣቢያ የሚጠበቀው ቁጥር ሰማይ ነክቷል። ከሚዛን እስከ ቴፒ ያለው ደግሞ የቡና አገር ነው፤ ካቦው ጭንቅ ሲለው ከቡና እርሻ የተረፈውን ወይም ገበያ ላይ የሚቀዳውን ይዞ ከች ይላል። በበር የተከለከለው በጓሮ ገባ ማለት ነው። ሕጉ ይላላ ግን አልልም። ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ለሻጋታ ይሁን ለትል በምን ይታወቃል? አረም ማጥፊያ ከሆነስ? ችግኙንም ይፈጀዋል!

ደግሞስ ይህ መበስበስ ብዙ ጊዜ ያለ መርዝ ይገታል። አገራችሁ ሙቀትና ዝናብ የማያጣው ነው፤ ሻጋታ ይመቸዋል። ዘሩን አራርቃችሁ ዝሩ። መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ውኃ አይተኛበት። ማታ ሳይሆን ጠዋት አጠጡ፣ በልኩ። ዳሱን ገለጥ አድርጋችሁ አየር አስገቡ። የታመመውን ከነአፈሩ አውጡት፤ ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ። በበጋ ደግሞ አፈሩን አርጥቦ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ፀሐይ ማስመታት ነው። ይህን ለካቦሽ ስትነግሪው «ጋዜጣ ላይ አነበብኩ» በይው፤ ከሴት ቃል ይልቅ ጋዜጣ የሚሰማ ወንድ አይጠፋም።

ምንነቱ ያልታወቀውን አትበጥብጪ። ብቻሽን እምቢ ከምትዪ ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ለወረዳው ግብርና ባለሙያ ንገሩ፤ አዋጁ ከእናንተ ጋር ነው። ነክተሽው ከነበረ ልጅሽን ከማቀፍሽ በፊት ገላሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ የሥራውን ልብስ ከሕፃኑ ጨርቅ ጋር አትዘፍዝፊ። ማጥባቱን ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አማክሪ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የዋጠ ሰው ካለ ወተት አትጋቱት! ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለው ተረት ነው፤ እንዲያውም አንዳንዱን መርዝ ወደ ደም ያፋጥነዋል። ለማስመለስም አትሞክሩ። ሰውየውንም ጠርሙሱንም ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ባዶው ጀሪካን ደግሞ ቢታጠብም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም፤ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ብሱት።

ካቦሽ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።